«አትግዙ» ላለን የአዳማ መካኒክ

ይህን ጽሁፍ መጻፍ ከነበረብኝ ሦስት ወር አልፎኛል። ሰውየው ምስጋና አይወድም። «ስሜን ከጻፍሽ ተጣላን» ብሎኛል። ስለዚህ እዚህም እንደወትሮው ጋሼ ነው የምለው። አዳማ ውስጥ፣ በአሰላ መውጫ በኩል ካሉት ጋራዦች የአንዱ ባለቤት ነው። ዋና ሥራው የከባድ መኪና ተሳቢ ነው። ደንበኞቹ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ናቸው። አድራሻውን የሚፈልግ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እሰጣለሁ።

ከሠራልኝ ሥራ ይልቅ አልሠራም ያለኝ ሥራ ይበልጥብኛል። ከእሱ ልጀምር።

እኛ ቤት አምስት ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና አማቴ። ትምህርት ሲዘጋ ላንጋኖ እንሄዳለን፣ ካልሆነም ሶደሬ። ለአምስት ሰው ክፍል መከራየት በየዓመቱ እየከበደን መጣ። ባለፈው ዓመት አገር የሚለቅ አንድ ሰው ካራቫን እንደሚሸጥ ሰማን። እዚህ ካራቫን ሲባል በርገር የሚሸጥበት ቤት ነው ትዝ የሚለን። ይሄኛው ግን ከመኪና ኋላ ተያይዞ የሚሄድ መኖሪያ ነው። አራት ጎማ፣ አምስት መኝታ፣ ምድጃ፣ ዕቃ ማጠቢያ፣ መጋረጃ ሳይቀር። ልጆቹ ገብተው አንወጣም አሉ። አማቴ ብቻ «ቤት እያለን ቤት ልንጎትት?» ብለው ሳቁ።

መኪናችን ራቭፎር ናት። ባለ 2 ሊትር ቤንዚን፣ ቤልጂየም አገልግላ የመጣች። ደላላውን ስለ ካራቫኑ ክብደት ስንጠይቀው «አንድ ቶን ቢሆን ነው» አለን። «ራቭፎር እኮ ናት፣ ምን ትሆናለች!» ከዚያ አንድ ጋራዥ ሄድን። ካራቫኑ ከመኪናው ኋላ የሚያያዝበትን መጎተቻ ፓራውልቱ ላይ በግማሽ ቀን በይደን እንሰጣችኋለን አሉን። ምን እንደምንጎትት እንኳ አልጠየቁንም። ቀብድ ልንከፍል አንድ ቀን ሲቀረን ጎረቤታችን፣ ራሱ የተሳቢ ሾፌር ነው፣ «ጋሼን ሳታናግሩ እንዳትነኩት» አለን።

ጋሼ ከአንድ ተሳቢ ሥር ወጣ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። የመኪናዋን ሞዴል አልጠየቀም። የሾፌሩን በር ከፈተና ቁጢጥ ብሎ ከበሩ ምሰሶ ላይ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረጋት። አቧራው ሲለቅ አራት ቁጥሮች ታዩ።

«እነዚህን አይተሻቸው ታውቂያለሽ?»

ስድስት ዓመት ነድቻታለሁ። አይቻቸው አላውቅም።

የመጀመሪያው 2,100 ኪሎ ይላል። መኪናዋ ከነሰዉ ከነጭነቱ ከዚህ መብለጥ የለባትም ማለት ነው። ሁለተኛው 3,600 ነው። ይሄ መኪናዋና የምትጎትተው ነገር ተደምረው ነው። የቀሩት ሁለቱ የፊትና የኋላ አክስል የሚችሉት ነው። «በይ ቀንሺ» አለኝ። ከ3,600 ላይ 2,100 ሲነሳ 1,500። «መጎተት የምትችለው ይሄንን ነው። ያውም ቤልጂየም ላይ።»

«ቤልጂየም ላይ» ያላት ነገር መጀመሪያ አልገባችኝም። ቤልጂየም ዝቅ ያለ አገር ነው። አዳማን ሞቃት ስለሆነች ዝቅ ያለ ቦታ ይመስለናል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ናት። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል፣ አየር ገፍቶ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። የእኛ መኪና ገና ከግቢ ሳትወጣ 15 በመቶ ያህሉን አጥታለች። አሰላ ስትደርስ፣ 2,400 ሜትር ላይ፣ ሩቡን ያህል። ብዙ የመኪና መመሪያዎችም ከፍ ያለ አገር ላይ ስትጎትቱ ክብደቱን ቀንሱ ይላሉ። ጋሼ አላወሳሰበውም። «1,500ን እርሺው። 1,300 በይ።»

በማግስቱ የመኪና ሚዛን ቤት ተቀጣጠርን። ሻጩ በራሱ ፒክአፕ ጎትቶ አመጣው። ጋሼ ፒክአፑን አስፈታና ካራቫኑን ብቻውን ሚዛኑ ላይ አቆመው። 1,420። ባዶውን! ውኃ የለበትም፣ ፍራሽ የለበትም፣ የአማቴ ከሰል ማንደጃ የለበትም።

ሻጩ ራሱ ደነገጠ። ዋሽቶን አይመስለኝም። ከፋብሪካ ሲወጣ ቀላል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ጄኔሬተር ገብቶበታል፣ የብረት አልጋ ተበይዶበታል፣ ቁም ሳጥን ተጨምሮበታል። በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ይሄን ሁሉ አያውቅም። ካራቫኑ የራሱ ሰሌዳ አለው፣ እሱም ከነጭነቱ ከ1,500 እንዳይበልጥ ይላል። ማለትም 80 ኪሎ ብቻ ነው የቀረን። ጋሼ ኖራ አንስቶ መሬቱ ላይ መጻፍ ጀመረ። የ60 ሊትር ታንከር ሲሞላ ውኃው 60 ኪሎ። ሲሊንደር። አምስት ፍራሽ። ብስክሌት ሁለት። ድስት፣ እንጀራ፣ የመጠጥ ውኃ፣ የአምስት ሰው ልብስ። 250 ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። 1,670 ማለት ነው። እኛ የተፈቀደልን 1,300።

ባለቤቴ ግትር ነው። «ቀስ ብለን ብንነዳስ?» አለ። ጋሼ መልስ አልሰጠውም። ወደ ጋራው አሳየው። ከአዲስ አበባ በኩል ስትመጡ የምታዩዋቸውን የነፋስ ተርባይኖች ታውቋቸዋላችሁ፣ አዳማ 1 ላይ 34፣ አዳማ 2 ላይ 102 ናቸው። «መንግሥት ያንን ሁሉ ብረት እዚያ የተከለው ለጌጥ ነው?» አለ። የካራቫን ጎን ግድግዳ ነው። ነፋስ ሲመታው ካራቫኑ ብቻውን አይገፋም፣ የመኪናውን ቂጥ ይዞ ይሄዳል። ከባድ መኪና በጎን ሲያልፍማ መጀመሪያ ይገፋል፣ ቀጥሎ ወደ ራሱ ይስባል። ጎታቹ ከተጎታቹ ከቀለለ መሪውን የያዘው ካራቫኑ ነው። እንግሊዝ አገር ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር የተጎታቹ ክብደት ከነጭነቱ ከመኪናዋ ባዶ ክብደት 85 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። የእኛ መኪና ባዶዋን 1,550 ናት፣ 85 በመቶው ወደ 1,317 ይመጣል። ይሄን እኔ ቤት ገብቼ ነው ያነበብኩት። የጋሼ 1,300 ብዙም አልራቀችም።

«እኔ ይሄን መጎተቻ አልሠራላችሁም» አለ በመጨረሻ። «ሌላ ቦታ ታሠሩት ይሆናል። ግን ልጆቹን ጭናችሁ እንዳትወጡ።»

እንዲህ ሲል የራሱን ሥራ እያጣ ነው። መጎተቻው፣ የመብራት ገመዱ፣ ፍሬኑ፣ ሁሉም ለእሱ የሚገባ ገንዘብ ነበር። ለዚያ ሁሉ ጊዜ የተቀበለን አንድ ማኪያቶ ነው።

ባለቤቴ ለሁለት ሳምንት አኮረፈ። መኪናዋን ቀይረን ትልቅ እንግዛ ብሎም ነበር። ከ2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ በኋላ ያገለገለ ጎታች መኪና ዋጋው የት እንደደረሰ የገበያ ሰው ያውቃል። ጋሼ በስልክ የነገረኝ አጭር ነው። «መኪና አለሽ። ለመኪናሽ የሚሆን ፈልጊ። ካራቫን ወደሽ መኪና አትፈልጊለት።»

ትንሿን ያገኘናት ሐዋሳ ነው። ሁለት ጎማ፣ ሦስት መኝታ፣ በጎኗ የሚዘረጋ ድንኳን ያላት። ሰሌዳዋ 1,000 ይላል። ፎቶውን ለጋሼ ላክሁለት። የጎማውንም ፎቶ አምጪ አለኝ። ጎማው አዲስ ይመስላል፣ ጥርሱ አልተነካም። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለ፣ 3512። በ2012 ዓመት 35ኛ ሳምንት ላይ ተመረተ ማለት ነው። ባለቤቴ «በ2012 ከሆነማ ገና ነው!» ብሎ ተደሰተ። በፈረንጅ ነው እንጂ! ካራቫን አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ስለሚውል ጎማው ሳያልቅ ያረጃል። በእጃችን ጫን ስናደርገው ጎኑ ላይ ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆች ተከፈቱ። የሁለት ጎማ ዋጋ ከሻጩ ላይ አስቀነስን። ሻጩ በራሱ መኪና ጎትቶ አዳማ አደረሰልን። ሚዛን ላይ ባዶዋን 780 መጣች።

አሁን ጋሼ ሥራውን ያዘ። እዚህ ጋ ዝርዝር ብጽፍ ይቅር በሉኝ፣ ነፍስ የሚያተርፈው ዝርዝሩ ነው። መጎተቻውን ፓራውልት ላይ አልበየደም። ሻንሲው ላይ ፋብሪካው የተዋቸውን ቀዳዳዎች ፈልጎ በብሎን አሰረው። ከገበያ ያመጣነውን የመጎተቻ ኳስ፣ ካራቫኗ የምትቆለፍበትን የብረት ድቡልቡል፣ በካሊፐር ለካና መለሰልን። ኳሱን የሚይዘው የካራቫኗ ማቀፊያ የአውሮፓ ነው፣ 50 ሚሊሜትር። ኳሱ የአሜሪካ ነው፣ 50.8። አንድ ሚሊ የማትሞላ ነገር። ኳሱ በደንብ ሳይገባ የተቆለፈ ይመስላል፣ ጉድጓድ ላይ ይዘላል። ሌላ አስመጣን።

የፍሬኗ አሠራር ደስ ይላል። መኪናዋ ፍሬን ስትይዝ ካራቫኗ ወደፊት ትገፋለች፣ ግፊቱ ዘንግ ይገፋል፣ ዘንጉ ሽቦ ይስባል፣ የካራቫኗ ጎማ ፍሬን ይይዛል። ኤሌክትሪክ የለው፣ ምን የለው። ሽቦው ግን ዝጎ ደርቆ ነበር። ቀየረው። ኩሽኔታውን ፈትቶ አጥቦ ግሪስ ሞላው። ፍሬቻና የፍሬን መብራቱን ሲያስተካክል እኔ ውስጥ ተቀምጬ ፔዳል እረግጥ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ የጭነቱ ነገር ነው። ዕቃችንን ሁሉ ጭነን ኑ አለን። የቤታችንን የሰው ሚዛን አስመጣ። ሚዛኑን ከካራቫኗ አፍንጫ፣ ኳሱ ላይ ከምታርፈው ጫፍ፣ ሥር አስቀመጠ፣ ላዩ ላይ በኳሱ ቁመት ልክ የተቆረጠ እንጨት አቆመ፣ አፍንጫዋን እንጨቱ ላይ አሳረፋት። 38 ኪሎ። ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሪ አይተሽ አታውቂም? ጭነቱ ወደ ኋላ ከሄደ ፈረሱ ይንጠለጠላል። ወደፊት ከበዛ ወገቡ ይሰበራል። ይሄም ያው ጋሪ ነው።»

የውኃ ጀሪካኖቹን እኔው ነኝ ከኋላ የጫንኳቸው፣ ለማውረድ እንዲቀለኝ ብዬ። ወደ አክስሉ አመጣናቸው። የዕቃ ሳጥኑንም ወደፊት ገፋነው። 68 ሆነ። የእኛ መጎተቻና የካራቫኗ አፍንጫ የሚችሉት 75 ነው፣ ጽሁፉ ላያቸው ላይ አለ። ያቺ 68 ኪሎ ደግሞ ከመኪናዋ ጭነት ላይ ትቆጠራለች። ሰው አምስት፣ ሻንጣ፣ መጎተቻው ራሱ፣ ይህም ተጨምሮ ከ2,100 ማለፍ የለበትም። ደመርነው፣ አላለፈም። የመኪናው ኋላ ሲሰምጥ የፊት ጎማ ይቀላል፣ መሪ ባዶ ይሆናል፣ የማታ መብራትሽም ሰማይ ያበራል አለኝ።

መንገድ ላይ ጭራዋን መወዝወዝ ከጀመረች ምን እንደማደርግ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ነዳጅ መልቀቅ። መሪ ቀጥ አድርጎ መያዝ። ፍሬን ላይ አለመዝለል። አመልጣለሁ ብሎ ነዳጅ አለመጨመር። ፈጣን መንገድ ላይም ብሆን ከ80 እንዳላልፍ አስማለኝ።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ፣ ይህ ጥቆማም ነውና። ቀጠሮ ላይ አትመኑት። ረቡዕ ያለው ቅዳሜ ነው። ስልክ ሥራ ላይ እያለ አያነሳም። ሲያስረዳ ይጮሃል፣ የተቆጣ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ዋጋ ላይ ክርክር አይወድም። እኛ የከፈልነው ካየነው ሥራ አንጻር አልበዛብንም።

ለላንጋኖ በጠዋት ወጣን። ነፋሱ ሳይነሳ ውጡ ብሎን ነበር። ልጆቹ በኋላ መስኮት ካራቫኗን እያዩ «እየተከተለችን ነው!» ይላሉ። ሞጆ ላይ ቆምን። ፍሬኑ ወይ ኩሽኔታው ይዞ እንደሆነ ለማወቅ፣ እንደታዘዘው ባለቤቴ የእጁን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ የካራቫኗ ጎማ እምብርት ጠጋ አደረገ። ሞቅ ብሏል፣ አያቃጥልም፣ ሁለቱም እኩል ናቸው። ተደስቼ ደወልኩ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ቶሎ አነሳ። ነገርኩት። ምስጋናዬን ጀመርኩ።

«የጎማውን ብሎን ደግማችሁ አጠበቃችሁ?» አለኝ።

ዝም አልኩ።

«አጥብቁና ሂዱ» ብሎ ዘጋው።