ሲትሪክ አሲድ ለባትሪ ላብራቶሪ፦ ማሟሟቱ ላይ ጎበዝ፣ ሊቲየሙ ላይ አስቸጋሪ

ለምግብ ማቀነባበሪያ በኪሎ የሚሸጠው ነጩ ሲትሪክ አሲድ ከአሮጌ የስልክ ባትሪ ሊቲየም ለሚያወጣ ተማሪ ይሆናል? ለማሟሟቱ በደንብ ይሆናል። እንደ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ክሎሪን አያወጣም፣ ለመያዝም ከሰልፈሪክ አሲድ ይቀላል። ባትሪው ግን በሬዚስተር ቻርጁ ተሟጥጦ ሳያልቅ እንዳይከፈት።

ከባትሪው ፖዘቲቭ ኤሌክትሮድ ለሚገኘው 2 ግራም የሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ ዱቄት 26 ግራም አሲድ ይመዘናል። እሽጉ ላይ «አንሃይድረስ» (ውሃ አልባ) ከተጻፈ 24 ይበቃል። በውሃ ሟሙቶ 80 ሚሊ ሊትር ይደረግና 90 ዲግሪ ላይ እየተማሰለ ከፋርማሲ የሚገዛው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ 20 ሚሊ ሊትር በጠብታ ይጨመራል። በአንዴ ከተደፋ ሙቀቱ ይበትነዋል፤ አረፋ ብቻ ይሆንና ኮባልቱ ሳይሟሟ ይቀራል። በ30 ደቂቃ ገደማ ፈሳሹ ሮዝ ይሆናል። የሚንሳፈፈው ጥቁር ብናኝ ካርቦን ስለሆነ አያሳስብም፣ ይጠለላል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙው መመሪያ «ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ጨምር፣ ሊቲየም ካርቦኔት ይዘቅጣል» ይላል። ከ2 ግራም ዱቄት ቢበዛ 0.75 ግራም ሊቲየም ካርቦኔት ነው የሚገኘው፤ 100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ብቻውን 0.72 ግራም ያሟሟል። ስለዚህ ቢከሩ ውስጥ የሚታይ ነገር እምብዛም የለም። ማሟሟቱ በሰልፈሪክ አሲድ ሲሆን ፈሳሹን አትንነው ያጠነክሩታል። እዚህ ግን ሲተን በብዛት የሚከመረው ከሲትሪክ አሲዱና ከሶዳው የሚፈጠረው ጨው፣ ሶዲየም ሲትሬት ነው፤ ተማሪው ያንን መዝኖ «ሊቲየም አገኘሁ» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። ይህ በጣም ያሳዝናል፣ ምክንያቱም የማሟሟት ሥራው ትክክል ነበር።

መውጫው ፎስፌት ነው። በቅድሚያ 3 ግራም ኦክሳሊክ አሲድ ተጨምሮ ኮባልቱ ሮዝ ዝቃጭ ሆኖ ይወጣል። ይህ ከተዘለለ ኮባልት ፎስፌትም አብሮ ይዘቅጣል። ከዚያ ፈሳሹ በኮስቲክ ሶዳ (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ) ፒኤች 11 ይደርሳል። ሲትሪክ አሲዱን ብቻ ለመግደል 15 ግራም ያህል ይበላል፣ በጣምም ይሞቃል፤ ቢከሩ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቆሞ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር። በመጨረሻ 3 ግራም ትራይሶዲየም ፎስፌት ገብቶ ይሞቃል። ሊቲየም ፎስፌት በሊትር ውሃ የሚሟሟው 0.4 ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነ ነጩ ዝቃጭ በዓይን ይታያል። ደቃቅ በመሆኑ ማጣሪያውን ያልፋል፤ ሌሊቱን ይረፍ።

ሊቲየም ካርቦኔት የግድ ለሚፈልግ መምህር ይህን አሲድ አይግዛ፣ በሰልፈሪክ ይሥራ። ለሌላው ከበቂ በላይ ነው።