ዋጎ 221፦ ከባቡሩ ሰሌዳ ሥር ያለችው ማገናኛ

ሞዴል ባቡር ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ሀዲዱ ከተዘረጋበት ሰሌዳ በላይ ስላለው ነገር ነው። ስለ ሎኮሞቲቩ፣ ስለ ጣቢያው፣ ስለ ዋሻውና ስለ ድልድዩ። እኔ ዛሬ ከሰሌዳው ሥር ልግባ። የምገመግመው እንግዳ መጥቶ የማያያትን፣ አይቶም የማያደንቃትን አንዲት ትንሽ ማገናኛ ነው። ዋጎ 221 ትባላለች።

የጀርመኑ ኩባንያ ዋጎ የሠራት ለቤት ኤሌክትሪክ ሥራ ነው፤ ቦታዋ የግድግዳ ሳጥን ውስጥ ነው። ሰውነቷ ውስጡን የሚያሳይ ፕላስቲክ ነው። ከላይ ብርቱካናማ እጀታዎች አሏት። እጀታውን ቀና ታደርጋላችሁ፣ የተላጠውን ሽቦ ትከታላችሁ፣ እጀታውን ትመልሳላችሁ። አለቀ። ካቻቢቴ የለ፣ ናስትሮ የለ። ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስትና ባለ አምስት ቀዳዳ ሆና ትመጣለች። በአውሮፓ መለኪያ እስከ 450 ቮልትና 32 አምፔር ትችላለች። የእኛ ባቡር 15 ቮልት አካባቢ ላይ ጥቂት አምፔር ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ በአቅም በኩል ሐሳብ አይገባችሁ።

ታዲያ አንዲት ማገናኛ ይህን ያህል የምታስጽፈው ለምንድን ነው? ነገሩ ወዲህ ነው።

የእኔ ሰሌዳ ኤችኦ ነው። መጠኑ 1፡87፣ በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊሜትር። ድርብ መስመር ዙሪያውን ይዞራል፣ በአንድ በኩል የፉርጎ ማቆያ አለው። የሚሠራው በዲጂታል፣ ማለትም በዲሲሲ ነው። በዲሲሲ ኃይሉም ትዕዛዙም የሚሄዱት በዚያው ሀዲድ ላይ ነው። መቆጣጠሪያው ለሎኮሞቲቩ የሚነግረው የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ በፍጥነት እየገለባበጠ ነው። ለአንደኛው ምልክት እያንዳንዱ ግማሽ 58 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይቆያል፣ ለሌላኛው ደግሞ ወደ 100 ወይም ከዚያ በላይ። ሎኮሞቲቩ ውስጥ ያለው ዲኮደር ይህን ልዩነት ነው የሚያነበው። እንግዲህ አንድ ቦታ ላይ የላላ መጋጠሚያ ካለ የሚጠፋው ኃይል ብቻ አይደለም። ትዕዛዙም ይጠፋል። ባቡሩ ይንቀጠቀጣል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ድምፅ ያለው ከሆነ ድምፁ ይቆረጣል። ሰው ጎማውን ያጸዳል፣ ሀዲዱን ይፈትጋል፣ ዲኮደሩን ይጠረጥራል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከሥር ነው።

ሀዲዱ ራሱ ኤሌክትሪክ በማድረስ አይታመንም። ዛሬ የሚሸጠው ሀዲድ አብዛኛው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው። በመልኩና በጥንካሬው ጥሩ ነው። ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ግን ከንጹሕ መዳብ ከአሥር እጥፍ በላይ ያንሳል። ሀዲድን ከሀዲድ የሚያያይዙት ትንንሽ ብረቶችም በጊዜ ይላላሉ፣ ቀለምና የጠጠር ማጣበቂያ ይገባባቸዋል። ስለዚህ ከሰሌዳው ሥር ወፍራም ዋና መስመር ይዘረጋል። ከእሱ ላይ ደግሞ በየሜትሩ ወይም በየሁለት ሜትሩ ቀጭን መጋቢ ሽቦ ወደ ሀዲዱ ይወጣል። እኔ ለዋናው መስመር ባለ 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር ማለት ነው)፣ ለመጋቢው ባለ 0.5 ካሬ ሽቦ ነው የምጠቀመው።

ውፍረቱ ለምን? ሒሳቡ አጭር ነው። ዋናው መስመር 5 ሜትር ቢርቅ፣ ደርሶ መልስ 10 ሜትር ሽቦ ይሆናል። 3 አምፔር ሲያልፍበት ባለ 0.5ው ሽቦ ላይ 1 ቮልት ገደማ ይጠፋል። ባለ 2.5ው ላይ 0.2 ቮልት ገደማ ብቻ። መጋቢዎቹ ቀጭን ቢሆኑም አጭር ስለሆኑ ችግር የለባቸውም።

ዋጎ 221 እኔን የያዘችኝ እዚህ ላይ ነው። ወፍራሙንና ቀጭኑን በአንድ አካል ውስጥ እኩል ታጠብቃለች። ፍሌክሲብል ሽቦ፣ ማለትም ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራውን፣ ከ0.14 እስከ 4 ካሬ፣ አንድ ወጥ የሆነውን ነጠላ ሽቦ ደግሞ ከ0.2 እስከ 4 ካሬ ትቀበላለች። እያንዳንዱ ቀዳዳ የራሱ ስፕሪንግ ስላለው የአንዱ ውፍረት ሌላውን አያላላውም። ባለ አምስቷን ስትወስዱ በአንዱ ዋናው መስመር ይገባል፣ በሌላው ወጥቶ ይቀጥላል፣ የቀሩት ሦስቱ ለመጋቢዎች ናቸው።

ሌሎቹን መንገዶች አልናቅሁም። በእርሳስ መበየድ አሁንም የመጋጠሚያዎች ሁሉ አለቃ ነው፤ በደንብ ከተሠራ የሚያህለው የለም። ግን ከሰሌዳ ሥር በጀርባ ተኝቶ፣ ትኩስ ካውያ ከፊት በላይ ይዞ መበየድ የሚመከር ነገር አይደለም። የቀለጠው እርሳስ ወደ ታች ነው የሚንጠባጠበው። ታች ያለው ደግሞ ዓይናችሁ ነው። ሽቦን በብሎን የሚያጠብቀው ሞርሴቶ ርካሽና የታወቀ ነው፣ ነገር ግን ብሎኑ ቀጭኑን ሽቦ ይቆርጠዋል፣ ወይ ደግሞ ከወፍራሙ ጋር አንድ ላይ ሲገባ ቀጭኑ ሳይያዝ ይቀራል። የሽቦውን ልባስ በስቶ የሚይዘው፣ በፒንሳ የሚጨመቀው ማገናኛ ሌላ አማራጭ ነው። ዋናውን መስመር ሳይቆርጡ መጋቢ ማውጣት ይቻላል፣ ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው። ችግሩ እያንዳንዱ ዓይነት ለተወሰነ የሽቦ ውፍረት የተሠራ መሆኑ ነው። ልኩ ካልገጠመ ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ይቆማል። አንዴ ከተጨመቀም አይፈታም።

የዋጎ መፈታት ደግሞ ለእኔ ከሁሉ በላይ ነው። የሞዴል ባቡር ሽቦ አንዴ ተሠርቶ የሚተው አይደለም። መስመር ይጨመራል፣ ባቡሩን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያዞረው የሀዲድ መቀየሪያ ቦታ ይለውጣል፣ ጣቢያው ይሰፋል። ከሁሉ በላይ ሾርት ይመጣል። መቆጣጠሪያው ኃይሉን ያቋርጣል፣ ባቡሩ ሁሉ ባለበት ይቆማል፣ የት እንደሆነ ግን ማንም አይነግራችሁም። ያኔ ዋናው መስመር መሐል ላይ ያለችውን ማገናኛ አግኝቼ የወጪውን ሽቦ እጀታ ቀና አደርጋለሁ። ሰሌዳው ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው። ኃይሉ ተመልሶ ከቆየ ጥፋቱ ከዚያ ወዲያ ነው። ካልተመለሰ ከዚህ ወዲህ። ከዚያ ያንኑ ግማሽ እንደገና ለሁለት እከፍላለሁ። እንዲህ እያሉ ሲሄዱ አንድ መጋቢ ወይም አንድ መቀየሪያ ላይ ይደረሳል። በተበየደ መስመር ይህን ለማድረግ መቁረጫ ያስፈልጋል። እዚህ አውራ ጣት ይበቃል።

መለኪያም ይመቻታል። የመልቲሜትሩን ጫፍ የምታስገቡበት ትንሽ ቀዳዳ አላት፤ ሽቦ ሳትነቅሉ ቮልት ማየት ትችላላችሁ። ፕላስቲኩ ውስጡን ስለሚያሳይም ሽቦው እስከ መጨረሻ መግባቱን በዓይን ታረጋግጣላችሁ። መነጽር አድርጌ የእጅ ባትሪ አብርቼ ለምሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሠራሯ ግን ሥርዓት ይፈልጋል። ሽቦው 11 ሚሊሜትር መላጥ አለበት። ካነሰ ስፕሪንጉ ልባሱን ይነክሳል። ከበዛ የተራቆተው መዳብ ወደ ውጭ ይወጣል። የፍሌክሲብሉን ጫፍ በእርሳስ አትንከሩት። ብዙ ሰው ለጥንካሬ ብሎ ያደርገዋል፣ ነገር ግን እርሳስ ለስላሳ ነው፤ ጫና ሲቆይበት ቀስ እያለ ይሸሻል፣ መያዣውም ይላላል። መዳቡን በጣት ጠቅለል አድርጎ እንዳለ መክተት ነው የሚሻለው። እጀታውን ከዘጋችሁ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ አድርጉት። ሁሉንም።

ቀለም ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። ማገናኛዎቹ ሁሉም አንድ መልክ ናቸው፤ የትኛዋ የግራ ሀዲድ፣ የትኛዋ የቀኝ እንደሆነች አይለይም። እኔ ለውጭኛው ሀዲድ ቀይ፣ ለውስጠኛው ጥቁር ሽቦ አድርጌ፣ ማገናኛዋ ላይም በዚያው ቀለም ናስትሮ እለጥፋለሁ። በዚያ ላይ ቀዩንና ጥቁሩን ጎን ለጎን አላስቀምጥም። አንዷ እዚህ ከሆነች ሌላዋ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ትላለች። እጅ ሲደክም መጋቢ ወደማይመለከተው ቀዳዳ እንዳይገባ የሚከለክለው ርቀቱ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቶቿ። የመጀመሪያው የታችኛው ልኬት ነው። ከ0.14 ካሬ በታች የሆነ ሽቦ አትይዝም። የዲኮደር ሽቦ፣ የትንንሽ ኤልኢዲ መብራቶች ሽቦ፣ የምልክት ሽቦ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይቀጥናል። አጥፎ ደርቦ መክተት መፍትሔ አይደለም፤ ይንሸራተታል። እነዚህን በይዳችሁ በሙቀት የሚሸበሸብ ቱቦ አልብሷቸው። ሁለተኛ፣ ማገናኛዋ ራሷ መቆሚያ የላትም። ተንጠልጥላ ከተተወች ክብደቷ መጋቢውን ይስባል፣ መጋቢውም ሀዲዱን። በብሎን የሚታሰር መያዣ ለብቻው ይሸጣል፣ ባለ ሁለት ገጽ ቴፕም ይሠራል። የትኛውንም ምረጡ፣ ብቻ ኮምፔንሳቶው ላይ እሰሯት።

ሦስተኛው የሚነጣጠል ሰሌዳ ላላቸው ነው። ሰሌዳችሁ ለሁለትና ለሦስት ተፈትቶ የሚጓዝ ከሆነ፣ በሰሌዳዎቹ መሐል የሚያስፈልገው ሶኬትና ፕለግ ነው። ዋጎ ትፈታለች፣ ግን በየጊዜው ለመንቀልና ለመሰካት የታሰበች አይደለችም።

ደግሞ ተመሳሳይ መልክ ያላቸው ማገናኛዎች በዝተዋል። ስም የሌላቸው፣ ብርቱካናማ እጀታ ያላቸው። እጄ ከገቡት መካከል እጀታው ተዘግቶም ሽቦው በቀላሉ የሚወጣ ነበር። ዕቃው ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ ማገናኛ ላይ መቆጠብ ከሰሌዳ ሥር ረጅም ምሽት ማሳለፍ ነው። ከዋጎው ቤት የድሮዋን 222ም ታገኙ ይሆናል። ግራጫ ናት፣ ሰፋ ያለች፣ እጀታዋም ለጣት ከበድ ይላል። ትሠራለች። ውስጧ ግን አይታይም፣ ለጠባብ ቦታም አትመችም። ያው ኩባንያ እጀታ የሌላት፣ ተገፍቶ የሚገባባት 2273 የምትባልም አለችው። እሷ ለነጠላ ሽቦ ብቻ ናት። የእኛ ሽቦ አብዛኛው ፍሌክሲብል ስለሆነ እለፏት።

ሀዲዱ ላይ ዋጎ ቦታ የላትም። መጋቢው ሀዲዱን የሚነካበት ቦታ በእርሳስ መበየድ አለበት፣ ይህን የሚተካ ነገር አላየሁም። በሀዲዱ የውጭ ጎን፣ ጎማ በማይደርስበት በኩል በይዱ። እርሳሱ እንዲይዝ የሚረዳውን ፍለክስ ስትመርጡ ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራውን የሙጫ ፍለክስ ተጠቀሙ፤ ለውሃ ቧንቧ የሚሆነው አሲድ ያለው ፍለክስ ሽቦውን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ካውያው በደንብ ይጋል፣ እጃችሁ ይፍጠን። ቀስ ያለ እጅ የፕላስቲክ ጣውላዎቹን ያቀልጣቸዋል። ይህ ሁሉ ከላይ፣ በወንበር ተቀምጦ፣ ሀዲዱ ከመተከሉ በፊት ሊሠራ ይችላል። ከሥር የሚቀረው መላጥና እጀታ መዝጋት ብቻ ነው። እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ይህ የሥራ ክፍፍል ነው።

ለሀዲድ መቀየሪያዎችም ባለ ሁለቷ ጥሩ ትሠራለች። ሁለቱ መስመሮች የሚጋጠሙበት ሹል ብረት፣ ፍሮግ የሚባለው፣ መቀየሪያው በዞረበት መስመር መሠረት የኤሌክትሪክ ወገኑን መቀየር አለበት። ይህን የሚቀይረው ብዙ ጊዜ መቀየሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ላይ ያለው ስዊች ነው። ለምሳሌ የሰርኪትሮን ቶርቶይዝ ሁለት ስዊቾች በውስጡ አሉት። የፍሮጉን ሽቦ ከሞተሩ ጋር በባለ ሁለቷ ካገናኛችሁት፣ ሞተሩ ሲበላሽ ሀዲዱን ሳትነኩ ታወርዱታላችሁ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ፈተና አለ። ባቡሮቹን አንሱና ሳንቲም ወይም ቁራጭ ብረት ሁለቱ ሀዲዶች ላይ አጋድሙ። መቆጣጠሪያው ወዲያው ኃይሉን ማቋረጥ አለበት። ከዚያ ሌላ ቦታ፣ ከዚያ ሌላ፣ በተለይ ከመቆጣጠሪያው በጣም የራቀው ጫፍ ላይ። ካላቋረጠ በዚያ መንገድ ላይ ያለው ሽቦ ቀጥኗል፣ ወይም አንድ መጋጠሚያ ላልቷል ማለት ነው። ያ አምፔር ሳይቋረጥ ሲቀር ፉርጎና ጎማ ያሞቃል፣ ፕላስቲክ ያቀልጣል። በእኔ ሰሌዳ መቆጣጠሪያው በሁሉም ቦታ ወዲያው ያቋርጣል። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላም እደግመዋለሁ።

የቤቱን ዋና ኤሌክትሪክ ግን ከዚህ ሥራ አርቁ። ማገናኛዋ 450 ቮልት ትችላለች ማለት የሶኬት ሽቦና የባቡር ሽቦ አንድ ሰሌዳ ሥር ይደባለቁ ማለት አይደለም። ዋናው ኤሌክትሪክ ከፋብሪካ ታሽጎ በመጣው ፓወር ሰፕላይ ላይ ያብቃ።

ለመግዛት ለምታስቡ፦ ባለ አምስቷን አብዙ፣ የዋናው መስመር ሥራ ሁሉ በእሷ ነው። ባለ ሦስቷ መስመሩ ጫፍ ላይና ቅርንጫፍ በሚወጣበት ቦታ ትገባለች። ባለ ሁለቷ ለፍሮጎቹ ጥቂት ትበቃለች። ለግራና ለቀኝ ሀዲድ ለየብቻ ስለሚሆን የቆጠራችሁትን በሁለት አባዙት፣ በላዩም ለሚጨመረው መስመር ትርፍ ያዙ።