ሳያቋርጥ በዝግታ የሚሠራው ማቀዝቀዣ፦ የባለ ኢንቨርተር ፍሪጅ ግምገማ

ከቤት ዕቃዎች መካከል ሌሊትም ቀንም ከሶኬት የማይነቀለው ማቀዝቀዣ ነው። በአንድ ሰዓት የሚወስደው ኃይል ከልብስ መተኮሻ አንጻር ኢምንት ቢመስልም፣ በዓመቱ 8,760 ሰዓታት ሲባዛ ከብዙዎቹ ዕቃዎች ልቆ ይገኛል። አሮጌውን ማቀዝቀዣዬን መጠኑ ተመሳሳይ በሆነ ባለ ኢንቨርተር፣ ማለትም የሞተሩን ፍጥነት እንደ አስፈላጊነቱ በሚቀያይር፣ ከለወጥሁ ስድስት ወር ሆኖኛል። በእነዚህ ወራት ሶኬት ላይ በሚሰካ የኃይል መለኪያ ስከታተለው ቆይቻለሁ። የአምራቹን ስም የማልጠቅሰው መመዘን የፈለግሁት ንድፉን ስለሆነ ነው፤ ይኸው ንድፍ በብዙ ኩባንያዎች ምርት ላይ ይገኛል።

የቀድሞው ዓይነት ኮምፕረሰር (ማቀዝቀዣ ጋዙን እያመቀ በቱቦዎቹ ውስጥ የሚያዘዋውረው ሞተር) በሙሉ ፍጥነት ከመዞርና ከመቆም ሌላ አማራጭ የለውም፤ ቴርሞስታቱ ሙቀት ሲጨምር ያስነሣዋል፣ ሲቀንስ ያቆመዋል። ሻጮች የኢንቨርተርን ጥቅም ሲያስረዱ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ለቅጽበት የሚስበው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ መቅረቱን ያስቀድማሉ። ይህ ለመስመሩ እፎይታ ቢሆንም፣ ቅጽበቱ እጅግ አጭር በመሆኑ በወር ፍጆታ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ዋናው ቁጠባ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ኮምፕረሰሩ በሙሉ ፍጥነት ሲሠራ ብዙ ሙቀት በአጭር ጊዜ ስለሚያስወጣ፣ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚለቁት ቱቦዎች ይበልጥ ይግላሉ፣ ከውስጥ ሙቀት የሚቀበሉት ደግሞ ይበልጥ ይቀዘቅዛሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሰፋ መጠን ያንኑ ያህል ሙቀት ለማውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት ይጨምራል። ኮምፕረሰሩ ሲቆምም የሞቀው ጋዝ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ስለሚመለስ፣ የተሠራው ሥራ በከፊል ይፈርሳል።

ኢንቨርተሩ ከመስመሩ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ) ካደረገ በኋላ፣ የሞተሩን ፍጥነት በሚወስን በሚፈለገው ድግግሞሽ (በሰከንድ በሚመላለስበት ብዛት) መልሶ ለሞተሩ ያቀርባል። ስለዚህ ሞተሩ የዕለቱ ሙቀት በሚጠይቀው ፍጥነት ብቻ ይዞራል። አሮጌው ማቀዝቀዣ ሲሠራ 120 ዋት ገደማ እየሳበ የቀኑን ግማሽ ያህል ይሠራ ነበር፤ አዲሱ ግን ያለማቋረጥ ማለት በሚቻል ሁኔታ እየሠራ በአማካይ 35 ዋት አካባቢ ይስባል። በቀን ሲሰላ ከ1.44 ወደ 0.84 ኪሎዋት ሰዓት መውረዱ ነው። አሮጌው በእርጅና ብዛት የደከመ ስለነበር፣ ልዩነቱን በሙሉ ለኢንቨርተሩ መስጠት ግን ፍትሐዊ አይሆንም።

በእኔ ግምት ከሞተሩ የማይተናነስ ምስጋና የሚገባው ግድግዳው ነው፤ ወደ ውስጥ ያልገባ ሙቀት ማስወጫ አያስፈልገውምና። አብዛኞቹ ማቀዝቀዣዎች በፖሊዩሪቴን ፎም (ሙቀት በሚከላከል፣ በአረፋ መልክ በተሠራ ፕላስቲክ) የተሞሉ ናቸው። ይህኛው በበሩና በጀርባው ላይ አየር የተመጠጠላቸው ስስ ሰሌዳዎች ተጨምረውበታል፤ እንዲህ ያለ ሰሌዳ የሚያስተላልፈው ሙቀት ውፍረቱ እኩል የሆነ ፎም ከሚያስተላልፈው አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ውጫዊ መጠኑ ሳያድግ ውስጡ ሰፍቷል፤ መብራት ሲጠፋም ቅዝቃዜውን ይዞ የሚቆይበት ጊዜ በግልጽ ረዝሟል። ሰሌዳው ከተበሳ ግን ብልጫውን ያጣል፤ በግድግዳው ላይ ምስማር ወይም ብሎን መምታት ፈጽሞ አይገባም።

የሚጠቀመው ጋዝ አይሶቡቴን፣ ማለትም አር-600ኤ ነው። ቀድሞ በሰፊው ይሠራበት የነበረው አር-134ኤ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ከባቢ አየርን የማሞቅ አቅም ሲኖረው፣ የአይሶቡቴን እጅግ አነስተኛ ነው። ተቀጣጣይ በመሆኑ ግን ጥገናውን ሥራውን ለሚያውቅ ባለሙያ ብቻ መስጠት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልለፍ። ሙቀት የሚለቁት ቱቦዎች ለውበት ሲባል በጎንና በጎን ግድግዳዎች ውስጥ ተቀብረዋል። በመጀመሪያው ወር ከቁም ሣጥን ጋር አስጠግቼ ስላቆምሁት ጎኖቹ ይግሉ፣ ፍጆታውም ይጨምር ነበር፤ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ሳርቀው ተስተካከለ። ይህን ያህል ወሳኝ ማስጠንቀቂያ በመመሪያው የመጨረሻ ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል መጻፉ አሳዝኖኛል። የፈጣን ማቀዝቀዣው ቁልፍም ኮምፕረሰሩን ወደ ከፍተኛ ፍጥነት ካወጣው በኋላ በራሱ አይጠፋም። ተጠቃሚው ከረሳው ኢንቨርተሩ የሚያስገኘው ጥቅም በሙሉ ይቀራል፤ ሰዓት ቆጥሮ እንዲጠፋ ማድረግ ለአምራቹ ከባድ ሥራ አልነበረም። የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ደግሞ የኃይል መዋዠቅ ስለሚጎዳው፣ መስመሩ በማይረጋበት ቤት ያለ መከላከያ መሰካት አይመከርም።

በመለያ ወረቀቱ ላይ ስለተጻፈው የዓመት ፍጆታም አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ዓለም አቀፉ የመለኪያ ደረጃ የፍጆታ ፍተሻውን የሚያደርገው በ16 እና በ32 ዲግሪ ሴልሺየስ የክፍል ሙቀት፣ በሩ ተዘግቶ ነው። በሩ በተደጋጋሚ በሚከፈትበት ቤት የሚገኘው ቁጥር ከዚያ መብለጡ አይቀርም።

የሚሠራ ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ይህን ከመግዛቱ በፊት የበሩን ጎማ እንዲፈትሽ እመክራለሁ፤ ወረቀት በበሩ መካከል ተዘግቶበት ያለ ተቃውሞ ተስቦ ከወጣ ጎማው ላልቷል። ውስጡን ደግሞ በ4፣ በረዶ ቤቱን ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ያስተካክል። ይህን አድርጎም ፍጆታው ከፍተኛ ከሆነ፣ ወይም ኮምፕረሰሩ ሳያቋርጥ የሚጮኽ ከሆነ፣ መለወጡ ተገቢ ነው።