«የ2015 ሞዴል» እየተባሉ ስለሚሸጡ የጠላቂ ሰዓቶች ማስጠንቀቂያ

በባሕር ዳር፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በደብረ ማርቆስ ለራሳችሁም ሆነ ለሰርግ ስጦታ ውድ የእጅ ሰዓት ለመግዛት የምታስቡ ወገኖች፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ከዚህ በታች የምገልጸውን ጉዳይ እንድታነቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የማስጠነቅቀው ስለ ሐሰተኛ ሰዓት አይደለም። ሐሰተኛውን መጠርጠር ብዙ ሰው ለምዷል። ያልለመድነው ሰዓቱም፣ የዋስትና ካርዱም፣ ሳጥኑም እውነተኛ ሆነው ሞዴሉ ብቻ ከተባለው የተለየና በዋጋም ዝቅ ያለ የሚሆንበትን ሽያጭ ነው።

ቡሬ ላይ በእህል ንግድ የሚተዳደር አንድ ወዳጄ ለታናሽ ወንድሙ ሰርግ ሰብማሪነር የተባለውን የሮሌክስ ኩባንያ የጠላቂ ሰዓት ሲያፈላልግ፣ ባሕር ዳር ከሚገኝ ሻጭ ጋር በሰው በኩል ተገናኘ። ሻጩ ሰዓቱን «የ2015 ሞዴል፣ ብዙም ያልታሰረ፣ ከነካርዱ» ብሎ አቀረበለት፤ ዋጋውንም ፋብሪካው አሁን በሚያመርተው ባለ ቀን ሰብማሪነር ልክ ተመነው። ወዳጄ 2015ን የሰማው ማናችንም እንደምንሰማው በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነበር። ካርዱ ላይ የታተመው 2015 ግን የፈረንጆቹ ሲሆን፣ በእኛ 2007 ወይም 2008 ዓ.ም መሆኑ ነው። ሻጩ በቃሉ አልዋሸም ሊባል ይችል ይሆናል፤ የሰማውን ሰው ግን እያወቀ በስሕተቱ ላይ ትቶታል።

የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ ቀላል የማይሆነው ሮሌክስ የአሁኑን ሰብማሪነር ይፋ ያደረገው በነሐሴ 2012 ዓ.ም መጨረሻ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 በመሆኑ ነው። በእኛ 2015 ከፋብሪካ የወጣ ባለ ቀን ሰብማሪነር ቁጥሩ 126610 የሆነው አዲሱ ትውልድ ይሆናል። በፈረንጆቹ 2015 የተሸጠው ግን 116610 ከሚባለው ከቀድሞው ትውልድ ውጭ ሊሆን አይችልም። ዋስትናውም እንዲሁ ነው፦ ወዳጄ አምስቱን ዓመት ከእኛ 2015 ጀምሮ ሲቆጥር፣ የካርዱ ዋስትና ቢረዝም እንኳ እ.ኤ.አ. በ2020 አብቅቷል። በገበያ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በብር ሲመነዘር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው።

ሁለቱን በዓይን መለየት ከባድ መሆኑን አልክድም። ሁለቱም ጥቁር ገጽ፣ ጥቁር የሴራሚክ ቀለበትና ቀኑን አጉልቶ የሚያሳይ መስታወት አላቸው፤ ሁለቱም 300 ሜትር የውኃ ጥልቀት እንዲቋቋሙ የተሠሩ ናቸው። የቀድሞው ስፋት 40 ሚሊ ሜትር፣ የአሁኑ 41 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ጎን ለጎን ካልተቀመጡ በቀር አንዲቷን ሚሊ ሜትር በእጅ ላይ የሚያስተውላት ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ካሊፐር በሚባለው መለኪያ ማሰሪያው ከሰዓቱ አካል ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ብትለኩት ነገሩ ይገለጣል፤ በቀድሞው 20፣ በአሁኑ 21 ሚሊ ሜትር ነው። ካሊፐር የሌለው ሰው ደግሞ የገጹን የታችኛውን ጠርዝ በአጉሊ መነጽር ይመልከት፤ ስዊስ ሜድ ከሚሉት ሁለት ቃላት መካከል አንዲት ደቃቅ ዘውድ ካለች አዲሱ ነው፤ ከሌለች የቀድሞው ነው።

እኔ ከሁሉ በላይ የምተማመንበት ግን የማሽኑን ጽናት መፈተን ነው፤ ምክንያቱም ገጽና ማሰሪያ ሊቀየሩ ስለሚችሉ፣ ማሽኑ ግን ራሱ ስለሚመሰክር ነው። የቀድሞው ማሽን 3135 ይባላል፤ ሙሉ በሙሉ ከተሞላ በኋላ ሳይታሰር ቢቀመጥ 48 ሰዓት ያህል ይሠራል። አዲሱ 3235 ግን እስከ 70 ሰዓት ይዘልቃል። ስለዚህ ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ተሞልቶ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰዓት እሑድ ማታ ከቆመ የቀድሞው መሆኑን ይጠቁማል፤ ሰኞ ጠዋትም እየሠራ ከተገኘ አዲሱ መሆኑን አምናለሁ። በእርግጥ ያረጀና ያልተጠገነ ማሽን ከዚህም ቀድሞ ሊቆም ይችላል፤ ይህም ቢሆን ሊታወቅ የሚገባው ጉድለት ነው። ሻጩ ሰዓቱን ለቅዳሜና እሑድ በአደራ ለመስጠት ቢፈራ አልፈርድበትም፤ ሁለቱ ወገኖች የሚያምኑት ሰው ዘንድ ማስቀመጥ ይቻላል።

ይህ ሁሉ ሳያስፈልግ መጀመሪያ መታየት የነበረበት ግን ካርዱ ነው። የሞዴሉ ቁጥር ካርዱ ላይ ታትሟል፤ 116 ወይም 126 ብሎ የሚጀምር መሆኑን ማንበብ ብቻ ይበቃል። ለወዳጄ በቴሌግራም የተላከለት የካርዱ ፎቶ ላይ የሻጩ አውራ ጣት የሞዴሉንም፣ የዚያ አንድ ሰዓት መለያ የሆነውን የሴሪያሉንም ቁጥር ሸፍኖ ነበር። ሴሪያል ቁጥርን መሸፈን የተለመደ ነው፤ ቁጥሩን ቀድተው በሐሰተኛ ሰዓት ላይ የሚያሳትሙ ስላሉ ሐቀኛ ሻጭም ያደርገዋል። የሞዴልን ቁጥር ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዓቶች የሚጋሩት ስለሆነ፣ የሚሸፍነው ሰው ምን እንደሚፈራ ለመገመት አያስቸግርም። ሰዓቱን በእጃችሁ ስትይዙ ደግሞ በመስታወቱ ሥር፣ በውስጠኛው የብረት ቀለበት የታችኛው ክፍል ላይ የተቀረጸውን ሴሪያል ቁጥር ከካርዱ ጋር አመሳክሩት።

ወዳጄ ልዩነቱን ሲደርስበት የሻጩ መልስ «ሁለቱም ሰብማሪነር ነው፤ ሁለቱም ያው 300 ሜትር ነው» የሚል ነበር። የቀድሞው ሞዴል መጥፎ ሰዓት አይደለም፤ ማሰሪያው የሚያያዝበትን ወፍራሙን ትከሻውን ከአዲሱ አስበልጠው የሚወዱም አሉ፤ በራሱ ዋጋ ቢቀርብ እኔም ግዛው እለው ነበር። ስለ ጥልቀቱ ከሆነ ደግሞ ጣና በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 1,220 ሜትር ይቋቋማል እያሉ ሲ ድዌለር የተባለውን ሌላውን የሮሌክስ የጠላቂ ሰዓት በተጨማሪ ዋጋ ለሚያቀርቡም መልሱ ያው ነው፦ ያን ያህል ጥልቀት አያስፈልገንም። ለእኛ የሚጠቅመው ጥያቄ የውኃ መከላከያ ጎማዎቹ መቼ እንደተቀየሩና ሰዓቱ ከዚያ በኋላ በግፊት መፈተኛ መሣሪያ መፈተሹ ነው፤ ክዳኑን አንድ ጊዜ ከፍቶ እንዲሁ የዘጋው ሰው ካለ ገጹ ላይ የተጻፈው ሜትር ዋስትና አይሆንም።

ይኸው ዘዴ በሌሎችም ላይ ይሠራል። ኦሜጋ ሲማስተር ዳይቨር 300 እ.ኤ.አ. በ2018 ሲታደስ ስፋቱ 42 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ገጹ የተቀረጸ ማዕበል ያለበት ሴራሚክ ሆነ፤ ቀኑም ከቀኝ ወደ ታች ወረደ። ቀኑ በቀኝ በኩል ያለውን «አዲሱ» ብሎ የሚሸጥላችሁን አትስሙ። ከቀደሙት ውስጥ በባትሪ የሚሠሩም ስላሉ የሰከንድ ቆጣሪውንም ተመልከቱ፤ በየሰከንዱ እየዘለለ የሚሄድ ከሆነ በባትሪ የሚሠራው ነው። የሮሌክስ እኅት ድርጅት የሆነው ቱዶር ብላክ ቤይን እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያወጣ ማሽኑ ኢታ የተባለ የሌላ ማሽን አምራች ሥራ ነበር፤ በ2016 ግን 70 ሰዓት በሚዘልቅ በራሱ ማሽን ተካው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጽጌረዳ፣ በኋለኛው ላይ ጋሻ አለ።

ወዳጄን የበለጠ የጎዳው ግን ሰዓቱን ሳያይ ቀብድ መላኩ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ሲያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሲያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ሻጩ አሁን የሚከራከረው በመጀመሪያው ሐሳብ ነው። በማታለል የተገኘ ውል ሊፈርስ እንደሚችል ያው ሕግ ይደነግጋል፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ነጋዴ የዕቃውን አዲስነት፣ ሞዴልና አገልግሎት ላይ የዋለ መሆኑን በትክክል አለመግለጹን ይከለክላል። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው፦ ንግግሩ ሁሉ በስልክ ነበር፤ ደረሰኝም የለም፤ ፎቶዎቹም ከመልእክት ሳጥኑ ተሰርዘዋል። ጉዳዩ በሽማግሌ ተይዟል፤ ሻጩ እስካሁን ግማሹን ብቻ እመልሳለሁ ባይ ነው።

እንግዲህ ገንዘብ ከማስተላለፋችሁ በፊት በሁለት ምስክር ፊት አንድ ወረቀት አስፈርሙ። በወረቀቱ ላይ የሞዴሉ ሙሉ ቁጥር፣ ካርዱ ላይ ያለው ቀን የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ፣ የተቀየረ ክፍል ካለ ምን እንደሆነ፣ የምትሰጡትም ገንዘብ ቀብድ ሳይሆን ቅድሚያ ክፍያ መሆኑና ሰዓቱ ከተጻፈው የተለየ ሆኖ ከተገኘ ሙሉ በሙሉ የሚመለስ መሆኑ ይስፈር። የተላከላችሁን ፎቶና የድምፅ መልእክትም በዚያው ዕለት ወደ ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ አስቀምጡ፤ ክፍያውንም በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በሻጩ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ፣ ምክንያቱን ጽፋችሁ አስገቡ።