የጅማው ባለወፍጮ የከሰል ባቡር ተሳፈረ

ጅማ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች "ባቡር" ሲሉ ብዙ ጊዜ ወፍጮ ማለታቸው ነው። "እህሉ ከባቡር ተመለሰ?" ይባላል። በዚህ አነጋገር አባዬም ባለባቡር ነው። መርካቶ አካባቢ ባለችው ወፍጮ ቤቱ አርባ ዓመት ጤፍና በቆሎ ፈጭቷል። ሐዲድ ላይ የሚሄደውን ባቡር የሚያውቀው ግን ከአባቱ ወሬ ነው። አያቴ ድሬዳዋ በምድር ባቡር እሳት አንዳጅ ነበር። ያ መስመር ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር። በ1950ዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች (ፉርጎዎቹን የሚጎትቱት ሞተሮች) ሲገቡ አያቴ አካፋውን አስቀምጦ ጅማ መጣ፤ ቡና ንግድ ጀመረ። አባዬ ያኔ ገና በእናቱ ጀርባ ነው።

ጀርመን ያለው ወንድሜ "ኑና እዩኝ" ሲለን አባዬ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀው።

"ጭስ የሚተፋ ባቡር ካለ አሳየኝ።"

አለ። ጀርመን ውስጥ የድሮ የእንፋሎት ባቡሮችን ጠግነው ለሽርሽር የሚያስኬዱ መስመሮች ብዙ ናቸው። እኛ የሄድንበትን በስም አልጠራውም። በዕለቱ የተጎዳ ሰው ስላለ ቦታውንም አልናገርም። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ወደዚያ የሚሄዱ የጅማ ሰዎች ስለማይጠፉ፣ እንዲጠቅማችሁ ያየሁትን ልጻፍ።

ትኬቱን ወንድሜ ከሦስት ሳምንት በፊት በኢንተርኔት ቆረጠ። ለሦስታችን ደርሶ መልስ 140 ዩሮ ገደማ ሆነ። ውድ ነው። ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ስለሚያልቅ ቀደም ማለት ግድ ነው።

ጣቢያው የደረስነው ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሎኮሞቲቩ ቆሞ ይተነፍሳል። ሰውነቱ ጥቁር ነው፤ ጎማዎቹ ቀይ። አባዬ ወደ ፉርጎዎቹ አልሄደም። ሐዲዱ ከአስፋልቱ ጋር እኩል ወደሚሆንበት የእግረኛ መሻገሪያ ሄደና ጎንበስ አለ። ምርኩዙን በሁለቱ ብረቶች መሃል አጋደመው። ምርኩዙ ትንሽ አጠረ። የቀረችውን ክፍተት በአራት ጣቱ ሞላት።

"አንድ ሜትር ነው" አለኝ ቀና ብሎ። "የአባቴ ባቡር እዚህም ላይ መሄድ ይችል ነበር።"

እውነቱን ነው። የድሮው የጅቡቲ መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። አሁን ያለው የኤሌክትሪኩ ሐዲድ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። አባዬ ይህን ከአባቱ የሰማው በልጅነቱ ነው፤ ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው። እኔ ለዚህች ደቂቃ ብቻ 140 ዩሮውን እከፍላለሁ።

ፉርጎው አሮጌ ነው፤ ግን እንደ ዓይን ብሌን ተይዟል። የእንጨቱ ግድግዳ ያበራል። መስኮቱ በቆዳ ማሰሪያ ተስቦ ይወርዳል። ወሩ ጥቅምት ስለነበር ብርድ ፈርተን ደራርበን ነበር፤ ግን ማሞቂያው ከሎኮሞቲቩ በሚመጣ እንፋሎት ስለሚሠራ ውስጡ ሞቀን። ከፉርጎው ጫፍ እንደ በረንዳ ያለ ክፍት ቦታ አለ። እዚያ መቆም ይፈቀዳል። ጥላሸቱ ግን አይምርም። እኔ ነጭ ነጠላ ለብሼ ነበርና እስካሁን ነጠብጣቡ አልለቀቀም። ጠቆር ያለ ልብስ ልበሱ። መወጣጫው ደረጃ ከፍ ያለ ነው፤ ጉልበት ለሚያማቸው ትልልቅ ሰዎች ሠራተኞቹ የእንጨት መረገጫ ያመጣሉ። መጠየቅ ብቻ ነው።

ምግቡን አልወደድኩትም። የሚሸጠው በብዛት የአሳማ ቋሊማ ነው። ሙስሊም የሆናችሁም ጾም የያዛችሁም ቆሏችሁን ይዛችሁ ውጡ። ቡናው ደግሞ ለጅማ ሰው የሚቀርብ አይደለም። እኛ ቤት አፍልተን በቴርሞስ ይዘን ነበር።

መንገዱ ተራራ የሚወጣ ዳገት ነው። ከከተማ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስንወጣ እንዳለው ዳገት፤ ብቻ ጫካው ጥድ በጥድ ነው። ሎኮሞቲቩ ሲከብደው ድምፁ ይዘገያል፤ ሲቀለው ይፈጥናል። አባዬ በረንዳው ላይ ቆሞ በጣቱ ምርኩዙን እየመታ ይቆጥር ነበር። ሐዲዱ ዳር በየቦታው "ፒ" የሚል ፊደል ያለበት ሰሌዳ ተተክሏል። ነጂው ያን ሲያይ ፊሽካ ይነፋል። ከፊት የመኪና መንገድ ሐዲዱን ያቋርጣል ማለት ነው። በትልልቆቹ ማቋረጫዎች ቀይ መብራት አለ። በገጠሮቹ ግን የመስቀል ቅርጽ ምልክትና ፊሽካው ብቻ ናቸው። ባለመኪናው ራሱ አይቶ፣ ሰምቶ መቆም አለበት።

ከተነሳን ሰዓት ከሩብ ሲሆን ፊሽካው ሁለት ጊዜ ጮኸ። ሦስተኛው ረዘመ፤ አልቆም አለ። ከዚያ ፍሬኑ ያዘ። ቴርሞሱ ከጠረጴዛ ላይ ወደቀ። ወንድሜ አባዬን በክንዱ ደገፈው። ቀጥሎ በርሜል ሲመታ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። አንድ ጊዜ ብቻ። ባቡሩ ግን ወዲያው አልቆመም፤ እየተንገጫገጨ ሄዶ ሄዶ ነው የቆመው።

ነጭ የዕቃ ሚኒባስ ነው። የኋላ ጎኑን መትቶት ቦይ ውስጥ አዙሮ ጥሎታል። ሹፌሩ ወጣት ልጅ ነው። ራሱ በሩን ከፍቶ ሲወጣ አየነው፤ ግራ እጁን በቀኙ ይዞ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ልጁ እስኪወጣ ድረስ ፉርጎው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ነበር። አባዬ "ተመስገን፣ ተመስገን" ይላል።

ነጂው ምንም ማድረግ አይችልም ነበር። አባዬ ያስረዳኝ በቀላሉ ነው። "ብረት በብረት ላይ እኮ ነው የሚሄደው። እንደ ጎማ መሬት አይቆነጥጥም።" ያ ሎኮሞቲቭ ብቻውን 60 ቶን ይሆናል፤ ከኋላው ፉርጎዎቹ ይገፉታል። መሪ የለው፣ ዞር አይል። የሚያመልጠው መኪናው ብቻ ነው። እዚህ እኛ ጋ ባጃጅ አይሱዙ ፊት ሲቆርጥ የአይሱዙ ሹፌር መሪውን ሰብሮ ያድነዋል። ባቡር ይህ የለውም። ድሬዳዋና አዳማ አካባቢ ሐዲድ የምታቋርጡ፣ እባካችሁ ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው ስለ አገልግሎቱ ብዙ ያሳየኝ።

መጥፎውን ላስቀድም። ለመጀመሪያዎቹ ሃያ አምስት ደቂቃዎች ማንም ምንም አልነገረንም። ሠራተኞቹ ወደ ልጁ መሮጣቸው ተገቢ ነው፤ በዚህ አልከሳቸውም። ግን በድምፅ ማጉያ አንድ ዓረፍተ ነገር ማለት ይቻል ነበር። ሲነገርም በጀርመንኛ ብቻ ነው። እኛስ ወንድሜ ነበረን። ከጀርባችን የተቀመጡት ባልና ሚስት እንግዶች ግን ፊታቸው ገርጥቶ እኛን እያዩ ነበር። የውጭ ሰው እንደሚሳፈር እያወቁ ይህን አለማሰብ ጉድለት ነው።

በኋላ ትኬት ተቆጣጣሪዋ መጣች። ፉርጎ በፉርጎ እየሄደች፣ እያንዳንዱ ወንበር ጋ ቆም እያለች አስረዳች። አባዬ ጋ ስትደርስ በርከክ አለች። መድኃኒት የሚወስድበት ሰዓት እንዳለ ጠየቀችው። ውኃ አመጣች። እኛም ከቴርሞሱ የተረፈውን ቡና ቀዳንላት፤ እጇ እየተንቀጠቀጠ ጠጣች።

ሌላው ነገር እሳቱ ነው። የእኛ ፉርጎ ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ ስለነበር ሁሉንም አየን። የናፍጣ ሞተር ቢሆን ታጠፊዋለሽ፣ ይቆማል። የከሰል እሳት እንዲህ አይጠፋም። ባቡሩ ቆሞም ውኃው መፍላቱን፣ እንፋሎቱም መጠራቀሙን ይቀጥላል። የእሳት ሳጥኑን ጣሪያ ሁልጊዜ ውኃ መሸፈን አለበት። ውኃው ከዚያ በታች ከወረደ ብረቱ ግሎ ይለሰልሳል፤ ቦይለሩ፣ ማለትም ውኃው የሚፈላበት ጋን፣ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ እሳት አንዳጁ ጓዶቹ ወደ አደጋው ሲሮጡ እሱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነው። በየደቂቃው የውኃውን ልክ የምታሳየውን የብርጭቆ ቱቦ ያያል። አየር ማስገቢያውን ዘጋ። ውኃ ወደ ቦይለሩ ከተተ። እንደገና ቱቦዋን አየ። እንባው በጥላሸቱ ላይ መንገድ ሠርቶ ወርዷል፤ ግን አልሄደም።

በድንገት የተጠራቀመውን እንፋሎት የሚያስተነፍሰው የደኅንነት ቫልቭ ተከፈተና እንፋሎቱ እየጮኸ ወጣ። ሕፃናት አለቀሱ። አንዲት እናት ልጇን አንስታ ወደ በሩ ሮጠች።

"በላት፣ ይህ ጥሩ ድምፅ ነው" አለው አባዬ ወንድሜን። "የሚያስፈራው ዝም ሲል ነው።"

ወንድሜ ተረጎመላት። ሴትየዋ ተመልሳ ተቀመጠች።

ፖሊስ መጣ፣ አምቡላንስ የሚኒባሱን ሹፌር ወሰደው። ነጂውን ተክቶ ሌላ ነጂ መጣ፤ እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው በዚያ ቀን እንዲነዳ አያደርጉም። ይህን ወደድኩት። እኛን በአውቶቡስ ወደ ተነሳንበት መለሱን። ሽማግሌዎችን አስቀደሙ። ጫፍ ሳንደርስ ተመለስን ማለት ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ግማሹን ብቻ ነው የመለሱት፤ ያውም ፎርም ተሞልቶ፣ ስድስት ሳምንት ተጠብቆ። አደጋው የነሱ ጥፋት እንዳልሆነ አምናለሁ። ግን የገዛነው ደርሶ መልስ ነው፤ ቢያንስ በሌላ ቀን በነፃ ውጡ ማለት ነበረባቸው። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ። የተቀነሰችው ለገንዘቡና ለእነዚያ ሃያ አምስት ደቂቃዎች ናት።

የምትሄዱ ከሆነ ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ ያለውን ፉርጎ ጠይቁ። ጥላሸቱ ይበዛል፤ ግን እሳቱን የምታዩት ከዚያ ነው።

ጅማ ከተመለስን በኋላ አባዬ ስለ ተራራው አላወራም። በየሳምንቱ ስልክ ላይ "ያ ልጅ እንዴት ሆነ?" ይላል። ወንድሜ በመጨረሻ ለድርጅቱ ጻፈ። መልሱ ባለፈው ማክሰኞ መጣ፤ ክንዱ ተሰብሮ ነበር፣ ድኗል፣ ሥራ ገብቷል። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነገርኩት። ሰልፍ የያዙት ሴቶችም ሰሙ፤ ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋል። አባዬ ዱቄት የነካውን እጁን ወደ ሰማይ አነሳና ወደ ሞተሩ ተመለሰ።

"ቀጣዩ የማን ነው?" አለ።