ጉግል ኪፕ፦ «ምን ልል ነበር?» ለሚሉ

ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚቋረጠው በር ሲንኳኳ ወይም ስልክ ሲጠራ ነው። ለዚያች ቅጽበት ጉግል ኪፕ የተባለው የማስታወሻ መተግበሪያ ነጻና ፈጣን ነው፤ ግን አስቀድሞ አቋራጩን የስልኩ ዋና ገጽ ላይ ማውጣት ያስፈልጋል። መተግበሪያውን ፈልገው እስኪከፍቱ ሐሳቡ ሄዷል። ማይክሮፎኑን ነክቶ መናገር ነው፤ ድምፁንም ጽሑፉንም ያስቀምጣል። የንግግር ቋንቋው አማርኛ ካልተመረጠ ጽሑፉ ውጥንቅጥ ይሆናል፤ ድምፁ ግን አለ።

ትልቁ ጉድለቱ፣ ተናጋሪው ጥቂት ዝም ካለ ቀረጻውን ይዘጋል። ሐሳብ የሚጠፋበት ሰው ደግሞ ዝም ማለቱ አይቀርም! ስለዚህ ዋናውን ቃል ማስቀደም፣ ማብራሪያውን ማስከተል። ለረጅም ንግግር የስልኩ ተራ ድምፅ መቅጃ ይሻላል። የተሰረዘ ማስታወሻ መጣያው ውስጥ የሚቆየው 7 ቀን ብቻ ነው።