ሮምን ረጋ ብላችሁ ለማየት ካሰባችሁ "ሁሉን ያካተተ" ጥቅል ቲኬት እንዳትገዙ

ኮሎሲየም አጠገብ ካለው የሜትሮ ጣቢያ ስትወጡ መጀመሪያ የሚቀበሏችሁ ቲኬት አሻሻጮች ናቸው። አንገታቸው ላይ መታወቂያ ያንጠለጥላሉ፣ ሰደርያ ይለብሳሉ፣ ሲያዩዋቸው የቦታው ሠራተኛ ይመስላሉ። "ቲኬት አልቋል፣ ሰልፉ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ በእኛ በኩል ግን አሁኑኑ ትገባላችሁ" ይላሉ። የሚሸጡት ብዙውን ጊዜ ጥቅል ነው፦ ኮሎሲየም፣ ቫቲካን፣ ጣሪያው ክፍት የሆነ የጉብኝት አውቶቡስና የድምፅ ማብራሪያ በአንድ ዋጋ። ለአንድ ሰው ከመቶ ዩሮ በላይ የሚጠየቅባቸውም አሉ። እባካችሁ እለፏቸው። በተለይ ቀኑን ሳትጣደፉ፣ እያረፋችሁ መዞር የምትፈልጉ ከሆነ ይህ ጥቅል ያከስራችኋል።

ጥቅል የሚያዋጣው በቀን አራት አምስት ቦታ ለሚሮጥ ሰው ነው። ረጋ ብሎ የሚዞር ሰው ግን ክፍያ ያለበት ቦታ የሚገባው በቀን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው፤ የቀረው ጊዜ በአደባባይ፣ በቤተ ክርስቲያንና በጠባብ መንገድ ላይ ያልፋል። እነዚህ ደግሞ ገንዘብ አይጠየቅባቸውም። የኮሎሲየም መደበኛ ቲኬት በኦፊሴላዊው ድረ-ገጽ 18 ዩሮ ነው። ፓንቴዮን 5 ዩሮ ነው፤ እስከ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2023 ድረስ እንዲያውም ነጻ ነበር። ሁለት የአውቶቡስ ቲኬት፣ እያንዳንዱ 1.50 ዩሮ፣ 3 ዩሮ። ድምሩ 26 ዩሮ ነው፤ ሙሉ ቀን ይበቃል።

ስለ ኮሎሲየም ትንሽ ላብራራ፤ ብዙ ሰው የሚበላው እዚህ ላይ ነውና። ባለ 18 ዩሮው ቲኬት የሮማን ፎረምንና የፓላቲን ኮረብታን ይጨምራል፣ ለ24 ሰዓትም ያገለግላል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ኮሎሲየምን አይታችሁ ፎረምን ለነገ ጠዋት ማሳደር ትችላላችሁ። ይህን አሻሻጮቹ አይነግሯችሁም፤ እነሱ ሁሉንም በሦስት ሰዓት ያስጨርሷችኋል። ብቻ ፎረምና ፓላቲን አንድ ላይ እንደ አንድ መግቢያ ነው የሚቆጠሩት፤ አንዴ ከወጣችሁ ተመልሶ መግባት የለም። ውሃችሁን ይዛችሁ ግቡ።

"ሰልፍ አያስጠብቅም" የሚለው ማባበያ ባዶ ነው። ኮሎሲየም የሚገባው በተቆረጠ ሰዓት ስለሆነ ማንኛውም ቲኬት ያለው ሰው የራሱ ሰዓት አለው። የሚቀረው ሰልፍ የደኅንነት ፍተሻ ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም ሊሸጥላችሁ አይችልም። መንገድ ላይ ከፍላችሁ የምታገኙት አብዛኛውን ጊዜ በቡድን ጉብኝት ውስጥ አንድ ቦታ ነው፦ ወደ መሰብሰቢያ ቦታ ትወሰዳላችሁ፣ ቡድኑ እስኪሞላ ትቆማላችሁ፣ ከዚያ ከሃያና ከሠላሳ ሰው ጋር ተሰልፋችሁ ትገባላችሁ። ሰልፉን ሸሽታችሁ ሌላ ሰልፍ ገዛችሁ ማለት ነው።

ቲኬቱ የሚለቀቀው ከጉብኝቱ ቀን 30 ቀን ቀደም ብሎ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። የሚያልቅበት አንዱ ምክንያት ለዳግም ሽያጭ በጅምላ መገዛቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የጣሊያን የውድድር ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በዚሁ ጉዳይ የኮሎሲየምን ቲኬት በይፋ ይሸጥ የነበረውን ድርጅትና አስጎብኚ ድርጅቶችን በድምሩ 20 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ቀጥቷል። ቲኬቱ ላይ የእያንዳንዱ ጎብኚ ስም ይጻፋል፣ መግቢያው ላይም ከመታወቂያ ጋር ያመሳክሩታል። ስለዚህ ስማችሁን ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ጻፉ፤ የሌላ ሰው ስም ያለበት ቲኬት መንገድ ላይ ገዝታችሁ ብትመለሱ ገንዘቡ ቀረ። ሰዓቱንም አስተውሉ፦ 08፡30 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡30 ነው። 14፡00 ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ይህን ተምታቶባቸው ሰዓታቸው ያለፈባቸው አሉ።

ቫቲካን ዙሪያ፣ በተለይ ከኦታቪያኖ ሜትሮ እስከ ግንቡ ባለው መንገድ፣ ያው ጨዋታ ይደገማል። የሙዚየሙ ዋጋ 20 ዩሮ ነው፤ በኢንተርኔት ቀድሞ ለማስያዝ 5 ዩሮ ይጨመራል፣ በቃ። እሑድ ዝግ ነው፤ የወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ በነጻ ይከፈታል፣ ያን ቀን ግን ግፊያው ረጋ ብሎ ለማየት አይመችም። የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ መግቢያው ነጻ ነው፤ ሰልፉ የፍተሻ ነው፣ ማለዳ ከደረሳችሁ አጭር ነው። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፣ አለዚያ በሩ ላይ ይመልሷችኋል። ቫቲካን የራሷ አገር ስለሆነች የከተማው ይፋ የቱሪስት ካርድ፣ ሮማ ፓስ፣ እዚያ አይሠራም፤ "ሁሉንም ይሸፍናል" ብሎ የሸጠላችሁ ሰው ዋሽቷል።

አውቶቡሱን ደግሞ ተዉት። የድሮው ከተማ መንገድ ጠባብ ነው፤ ትልቅ አውቶቡስ ወደ ፓንቴዮንም ሆነ ወደ ትሬቪ ፏፏቴ መግቢያ የለውም። በዋና መንገድ ላይ ያወርዳችሁና ቀሪውን ያው በእግር ነው። ከስፔን ደረጃዎች ትሬቪ አሥር ደቂቃ፣ ከትሬቪ ፓንቴዮን አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ፒያሳ ናቮና አምስት ደቂቃ ነው። በመሐል ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን ጎራ ብትሉ የካራቫጆን ሦስት ሥዕሎች በነጻ ታያላችሁ፤ ቀትር ላይ ስለሚዘጋ ግን ጠዋት ይሻላል። ስፔን ደረጃዎች ላይ አትቀመጡ፣ ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ ያስቀጣል። ከኮሎሲየም በደቡብ በኩል አሥር ደቂቃ ያህል ከተጓዛችሁ የፖርታ ካፔና አደባባይ ትደርሳላችሁ፤ የአክሱም ሐውልት ከእ.ኤ.አ. 1937 ጀምሮ ቆሞ የነበረው እዚያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 አገሩ ተመለሰ። ቦታውን ለማየት ሳንቲም አይጠየቅም፣ ጥቅሉም ውስጥ አታገኙትም።

የከተማውን አውቶቡስ ስትሳፈሩ የወረቀት ቲኬቱን ማሽኑ ላይ አስመቱት፤ ያልተመታ ቲኬት ካልተገዛ እኩል ነው፣ ቅጣቱ ከ50 ዩሮ ያልፋል። ከተመታ በኋላ 100 ደቂቃ ይሠራል። 64 ቁጥር አውቶቡስ በኪስ አውላቂ የታወቀ ስለሆነ ቦርሳችሁን ከፊት ያዙ።

ምግብ ላይ አንድ ነገር፦ ዓሣና ሥጋ በሜኑ ላይ "ኤቶ" በሚል ዋጋ ከተጻፈ ያ ለ100 ግራም ብቻ ነው። 7 ዩሮ ያላችሁት ዓሣ 600 ግራም ቢመዝን 42 ዩሮ ይመጣል። ከመታዘዙ በፊት አስመዝኑ። ቡና ቆሞ መጠጣት ከተቀምጦ በብዙ ይረክሳል። የመጠጥ ውሃም አትግዙ፤ መንገድ ዳር ያለማቋረጥ የሚፈሱት የብረት ቧንቧዎች ንጹሕ ናቸው።

ጥቅሉን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ የስረዛ ደንቡን አንብቡ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በኢንተርኔት የተገዛ ነገር በ14 ቀን ውስጥ ይመለሳል የሚባለው ቀን ለተቆረጠለት የመዝናኛ ቲኬት አይሠራም፤ ስለዚህ የሻጩ ደንብ ይወስናል። ጥሬ ገንዘብ አትስጡ፣ በካርድ ክፈሉ። ማሽኑ በዩሮ ወይስ በአገራችሁ ገንዘብ ብሎ ከጠየቀ ዩሮን ምረጡ፣ የሌላው ምንዛሪ ይጎዳችኋል። የተባላችሁትና ያገኛችሁት ካልተገናኘ ደረሰኙን፣ የማስታወቂያ ወረቀቱንና ቲኬቱን ፎቶ አንስታችሁ መጀመሪያ ለሻጩ በጽሑፍ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ያንኑ ማስረጃ ይዛችሁ ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ ቶሎ አመልክቱ፤ ጊዜ ገደብ ስላለው ወደ አገር ቤት እስክትመለሱ አትጠብቁ።